የጓደኛ ልጅ የማን ልጅ ነው?

ባለፈው መስከረም የክርስትና እናት ሆንኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ማራኪ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቋሚ ሥራ የለኝም። እጽፋለሁ፣ አልፎ አልፎም ለጥናት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ባንድ ሌሊት «እናት» ሲባል ለራሱም ይገርመዋል።

ሕፃኗ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የበኩር ልጅ ናት። ጓደኛዬ የምትኖረው ዳባት ነው። ለመውለድ ወደ ጎንደር መጣች፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሲሆንባት አራስነቷንም እዚሁ አክስቷ ቤት ጨረሰች። ልጅቷ ሰማንያ ቀን በሞላት ሌሊት በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ቤት ውስጥ ታቅፌያት ቆምኩ። ቄሱ ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን አስካዱኝ፣ ወደ ምሥራቅ አዙረው ሃይማኖቴን አስመሰከሩኝ። እሷ አፍ ስላልፈታች የምናገረው እኔ ነኝ። ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ማተቧ ታስሮላት፣ ቆርባ ስንወጣ ጓደኛዬ ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣

«እኛ አንድ ነገር ብንሆን አደራሽን» አለችኝ።

«ኧረ ተይ፣ በዛሬ ቀን!»

«ቀልዴን አይደለም። አደራ ነው የምልሽ።»

እሺ አልኳት። በዚያች ሰዓት እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ድፎው ተቆርሷል፣ ጠላው ወርዷል፣ ሁሉም ይመርቃል። ያ «እሺ» ግን ወር ሳይሞላው ተፈተነ። የተፈተነውም በሕፃኗ አልነበረም።

ከአልጋ ላይ የቀረው ጋቢ

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ወደ ኋላ ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. ማራኪ ካምፓስ ስንገባ ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። የማንለያየው ግን ሦስታችን ነን፦ እኔ፣ የዳባቷ ልጅ እና ከትግራይ የመጣችው ሦስተኛዋ። አንድ የውኃ ማፍያ፣ አንድ የበርበሬ ዕቃ፣ አንድ የካልኩለስ ደብተር ነበረን። ጾም ሲገባ አብረን እንጾማለን፣ ከየቤታችን በሶና ቆሎ ሲመጣ አንድ ካርቶን ውስጥ ነው የሚገባው።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ሁለት ሳምንት መስሎን ተሰነባበትን። ሦስተኛዋ ጋቢዋን አልጋዋ ላይ ትታ ነው የሄደችው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። ስልኳ ጠፋ፣ እሷም ተመልሳ አልመጣችም።

በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ወጣ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ውስጥ በርካታ ሰላማዊ ሰዎች የተገደሉበትን ጊዜ የሚረሳው ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰሞን ጓደኛዬ ከቤተሰቧ ሰው ቀብራለች። ወደ ዶርም ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነበር። ዓይኗ አልጋው ላይ ያለው ጋቢ ላይ ሲያርፍ «ይሄን ነገር አንሺልኝ» አለችኝ። አነሣሁት። አልጣልኩትም፤ አጥፌ ሻንጣዬ ሥር ከተትኩት። ስለ ጋቢው እኔም አልነገርኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፣ ቆይቶም ስልክ ተለቀቀ። አንድ ምሽት የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ ሦስተኛዋ ናት። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ መናገር አቃተን። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «የዳባቷስ? እናቷ ደህና ናቸው?» ብላ ነው። ታናሽ ወንድሟ መሞቱን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሯን ለጓደኛዬ ስሰጣት ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወለችም። አልገፋፋኋትም፣ በምን አንደበቴ? በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ባለሁበት ደወለች። የተነጋገሩት ጥቂት ነው፤ የሞቱትን በየስማቸው ተነጋገሩ፣ አለቀሱ፣ ዘጉት። በማግስቱ ደግሞ ተደዋወሉ። ዘንድሮ በክርስትናው ቀን ሦስተኛዋ ደውላ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ሕፃኗን በትግርኛ መረቀቻት። ከተቀመጡት አዛውንቶች መካከል ትግርኛ የሚሰማው ምናልባት አንድ ሰው ነው፤ አሜን ያላለ ግን አልነበረም።

የዮናታን ልጅ

ስለ ጓደኝነት ሲሰበክ ዳዊትና ዮናታን መጠራታቸው የተለመደ ነው። ዮናታን ካባውን፣ ሰይፉን፣ ቀስቱን አውልቆ ለዳዊት መስጠቱ ይነገራል። ስብከቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ዮናታን የሳኦል ልጅ ነው፤ ሳኦል ደግሞ ዳዊትን ሊገድል የሚያሳድደው ንጉሥ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች የሁለት ጠላት ቤት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሲማማሉ ዮናታን የለመነው ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ ለቤቱም ነው፦ እኔ ብሞት እንኳ ቸርነትህን ከልጆቼ አታርቅ ዓይነት ልመና። በሌላ ቋንቋ፣ አደራህን ነው ያለው።

ከዚያ በጊልቦዓ ጦርነት አባትም ልጅም በአንድ ቀን ወደቁ። ወሬው ቤት ሲደርስ የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሞግዚቱ አንሥታው ሮጠች። በጥድፊያው መካከል ልጁ ወደቀ፣ ሁለት እግሩም ሽባ ሆነ። ይህ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 በአንዲት ቁጥር ብቻ ያለፈ ታሪክ ነው። ሌሊት ልጅ አዝላ ከዳባት ወደ ጎንደር የሸሸች እናት ግን ያችን ቁጥር ያለ አስተርጓሚ ትረዳታለች። ልጁን የጎዳችው ሞግዚት ጠላት አልነበረችም፤ ልታድነው ስትሮጥ ነው የወደቀው። ጦርነት ልጅን የሚጎዳው በጥይት ብቻ አይደለም። በጥድፊያም ይጎዳዋል፣ ሊያድኑት በተዘረጉ እጆችም ጭምር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዓመታት አልፈው ዳዊት ከነገሠ በኋላ ነው፣ ከሳኦል ቤት ማን ቀረ ብሎ የጠየቀው። በዚያ ዘመን አዲስ ንጉሥ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው የቀረውን ለመጨረስ ነበር። ሜምፊቦስቴም ሲጠራ እየፈራ መጣ። ዳዊት ግን ስለ ዮናታን ብሎ የአያቱን ርስት መለሰለት፣ ከማዕዱም አስቀመጠው።

በመሃል ያሉት ዓመታትስ? ልጁ የት ነበር? ሎዶባር በሚባል ስፍራ፣ ማኪር በሚባል ሰው ቤት። ማኪር ንጉሥ አይደለም፣ ቃል ኪዳንም አልገባም። አካል ጉዳተኛ ሆኖ የቀረን የጦርነት ልጅ ወደ ቤቱ አስገብቶ ያኖረ ሰው ነው። ኋላ ዳዊት ራሱ ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በረሃ ሲወርድ ምንጣፍና ስንቅ ይዘው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ይኸው ማኪር ነው። ስንቶቻችን ስሙን እናውቀዋለን? እኔ ራሴ ይህን ለመጻፍ እስክቀመጥ ድረስ ልብ አላልኩትም።

የአሥራ አራት ዓመቷ ሙሽራ

ክርስትናው ካለፈ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጓደኛዬ ደወለች። የባሏ ታላቅ ወንድም ልጃቸውን ለጥር ሊድሩ ነው። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ አልፋለች፤ ግን የቀበሌው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ከትምህርት የራቁት ልጆች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። እሷ ከነዚያ አንዷ ናት።

በአባትየው ላይ ልፈርድ አልቻልኩም። ኢኮኖሚክስ ከተማርኩት ውስጥ የማልረሳው አንድ ነገር ቢኖር፣ የገበሬ ውሳኔ ሞኝነት ሲመስለን ብዙውን ጊዜ እኛ ያላየነው ስጋት እንዳለበት ነው። እሳቸው ያሉት ይህን ነው፦ «ትምህርት ቢኖር አስተምር ነበር። የለም። መንገድ ላይ ማን እንደሚያገኛት አላውቅም። ባል ቢኖራት ባለቤት ይኖራታል።» የሚያገባት ልጅ ዲያቆን ነው፤ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፣ ድንግልም ይፈልጋል። ጨዋ ቤተሰብ፣ በሬ ያለው ቤት። በደህናው ጊዜም ቢሆን ብዙ ሰው እሰይ የሚለው ጋብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሞግዚቷ ትዝ ያለችኝ። አባትየው ልጃቸውን አንሥተው እየሮጡ ነው። ከጦርነቱ ሊያድኗት ነው። ግን በሩጫው መሃል ልትወድቅባቸው ነው።

ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ የክልላችንም እንደዚያው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ መፈጸምን ይቀጣል። ያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ያውም ጥናቱ የተደረገው ከዚህ ሁሉ ጦርነት በፊት ነው። ዛሬ ክስ የሚሰማ ፍርድ ቤት ከገበሬው ቤት ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ደግሞ የአገሩ ሰው ያውቃል።

የጓደኛዬ ባል መምህር ነው። ጋብቻቸው ላይ ሚዜ ነበርኩ፤ በተክሊል ነው የተጋቡት፣ ሁለቱም ሃያ አራት ሞልቷቸው፣ ፈቅደው፣ ተዋውቀው። እሷ «ሄደህ ተናገር» ስትለው «የወንድሜን ቤት አላፈርስም፤ ጋሼ ነው ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝም እሱ ነው» አላት። ሦስት ቀን በቤቱ ዝምታ ሆነ። ጓደኛዬ በስልክ እያለቀሰች፣ «በሠርጋችን ቀን ያን ሁሉ ሰው ፊት ሁለታችን አንድ ነን ያልነው ለምን ነበር? እንዲህ ያለ ቀን ለየብቻ ልንቆም?» ትለኛለች። እኔ ምን ልመልስ፣ አላገባሁም።

በአራተኛው ቀን ባልየው በሌሊት ተነሣ። የንስሐ አባታቸውን ይዞ አምስት ሰዓት በእግር ሄደ። ከወንድሙ ጋር ምን እንደተባባሉ ሁሉንም አልነገረንም። የንስሐ አባታቸው ተናገሩ የተባለው ግን ደርሶኛል፦ ለዲያቆን ሚስት ድንግል ትሁን የሚለው ሥርዓት ሕፃን ትሁን ማለት እንዳልሆነ፣ ጋብቻ ምሥጢር ከሆነ ደግሞ እሺና እንቢ ማለት የምትችል ሴት እንደሚፈልግ። አባትየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ አሉ፦ «እሺ፣ አልድራትም። የት ትሁንልኝ ታዲያ?»

ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ልጅ አትዳሩ ማለት የነገሩ ግማሽ ነው። የት ትሁን የሚለውን ሳንመልስ የምንሰጠው ምክር ምክር አይደለም።

ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ገና ሳትጨርስ የምትለው ገባኝ። አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ያልተስተካከለ ገቢ። እውነቱን ልናገር፣ ወዲያው እሺ አላልኩም። «ነገ ልደውልልሽ» አልኳት። ሌሊቱን በሒሳብ አደርኩ።

ዕድር የማይሸፍነው

በሒሳቡ መካከል አንድ ነገር ገባኝ፤ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም፣ ለእኔ ግን በዚያ ሌሊት ነው የገባኝ።

ዕድር የሚሠራው ሞት በተራ ስለሚመጣ ነው። ዛሬ የእነ እገሌ ቤት ያዝናል፣ መቶው ቤት ያስተዛዝናል፤ ነገ ደግሞ በተራው። ሁሉም ቤት ባንድ ቀን ካዘነ ድንኳኑን ማን ይተክላል? ጦርነት እንደዚያ ነው። ባንድ ጊዜ ሰፈሩን፣ ቀበሌውን፣ ወረዳውን ይመታል። ጎረቤት ለጎረቤት መድረስ የሚያቅተው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እሱም ስለተመታ ነው። የኢንሹራንስ ውሎች ጦርነትን በተለምዶ ከካሳ ውጭ የሚያደርጉትም አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ለእንዲህ ያለ አደጋ ምን ይበጃል? አደጋው ያልደረሰበት ቦታ ያለ ሰው። አያቶቻችን የክርስትና አባትና እናት ከሌላ አገር፣ አበልጅ ከወንዝ ማዶ ሲይዙ እንዲህ ብለው አስልተው ይሁን አይሁን አላውቅም። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ አንዱ ደጋ ሲቃጠል ልጅ የሚላክበት ሌላ ቤት አለ። ጓደኝነት ከሻይ መጠጣት በላይ የሆነ ሥራ አለው። በደህና ቀን የተዘረጋ ድልድይ ነው፤ በክፉ ቀን ልጅ ይሻገርበታል።

ድልድዩ ወደ ጠላት ቤት የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እግላንታይን ጄብ የምትባል እንግሊዛዊት፣ አገሯ በድል ስትጨፍር፣ የተሸናፊዎቹ የጀርመንና የኦስትሪያ ልጆች በረሃብ እያለቁ ነው ብላ በለንደን አደባባይ ወረቀት በተነች። ታሰረች፣ ተከሰሰች፣ 5 ፓውንድ ተቀጣች። በዚያው በ1919 (እ.ኤ.አ.) ከእህቷ ጋር ሆና ሕፃናት አድን ድርጅትን መሠረተች። እሷ ያረቀቀችው የሕፃናት መብት መግለጫ በ1924 (እ.ኤ.አ.) በመንግሥታቱ ማኅበር ጸደቀ። ዛሬ ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። ያ ሁሉ ሕግ የተጀመረው፣ የጠላት ልጅ ልጅ ነው ባለ ሰው ነው።

በማግስቱ ደወልኩ። «ላኪያት» አልኩ።

ኅዳር 6

ልጅቷ በጥቅምት መጣች፣ በአንድ ፌስታል ልብስና በካርዷ። አንድ ትምህርት ቤት ምዝገባ አልፏል ብሎ መለሰን፣ ሌላው ተቀበለን። ለዩኒፎርም፣ ለደብተርና ለጫማ 2,800 ብር ወጣ። ሦስተኛዋ ወሬውን ስትሰማ በቴሌብር ብር ላከች፤ «የጋቢዬን ኪራይ ኋላ እንተሳሰባለን» ብላ። አዎ፣ ልጅቷ ሌሊት የምትለብሰው ያን ጋቢ ነው። የማን እንደሆነ ነግሬያታለሁ።

ኅዳር 6 ቀን ይዣት ቁስቋም ወጣን። ከመስከረም 26 ጀምሮ ዘመነ ጽጌ ነው፤ ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት የሚታሰብበት ወቅት። ብቻዋን አልነበረችም። ዮሴፍ ነበረ፣ ሰሎሜም ነበረች። ስደቱን ስናስብ ሰሎሜን ችላ እንላታለን። ልጁ የእሷ አልነበረም፣ የሚፈለገውም እሷን አልነበረም፤ ግን አብራ ሄደች። ቁስቋም እነዚያ ስደተኞች ያረፉበት የግብፅ ተራራ ስም ነው።

የእኛን ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጃቸው ኢያሱ በ1730 (እ.ኤ.አ.) ገና በሕፃንነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን ይዘው የኖሩ፣ ልጃቸውን በኦሮሞ ባላባት ልጅ ጋብቻ፣ ቤታቸውንም ከትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ጋር በጋብቻ ያስተሳሰሩ ብልህ ሴት ነበሩ። ግንብ ነበራቸው፣ ጦር ነበራቸው፣ አማች ነበራቸው። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ግን በ1769 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በራስ ሚካኤል እጅ ተገደለ፤ ዘመነ መሳፍንትም ገባ። ዛሬ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጽም እዚያው ቁስቋም አንድ ላይ ይታያል። በስደተኛ ሕፃን ማረፊያ ስም ደብር ያሠሩት አያት፣ የገዛ ልጃቸውን ልጅ ከጦር ማዳን አልሆነላቸውም። ለጥቅም የተሳሰረ ጋብቻ ጥቅሙ ሲያልቅ ይፈታል። ከዮናታን ቃል ኪዳን የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

ልጅቷ አጽሙን አይታ ስትወጣ፣ «እታለም፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለችኝ። «ገና ለጋ ነበር» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። ከግቢው ፍርስራሽ ግንብ ሥር ተቀምጠን ዳቧችንን በላን።

ነገሩ አልተቋጨም። አባትየው ከወንድማቸው ጋር እስካሁን አይነጋገሩም። የሙሽራው ቤተሰብ ተቀይሟል። የቤት ኪራዬ ይጨምራል ተብሏል፤ ከሰኔ በኋላ ምን እንደማደርግ ገና አላሰላሁም። ልጅቷ ሌሊት ድምፅ ስትሰማ ትነሣለች፣ ቀን ግን ሒሳብ ትወዳለች። ባለፈው ሳምንት ከአርባ ሠላሳ ሁለት አምጥታለች።

እኛ የዚህ ዘመን ወጣቶች ጦርነቱን የማቆም ሥልጣን የለንም። ማንም አይጠይቀንም። ግን በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ ከወንዝ ማዶ፣ ከክልል ማዶ ያለ አንድ የዱሮ ጓደኛ አይጠፋም። ያን ቁጥር ዛሬ ደውሉበት። ስለ ፖለቲካው አይደለም። «ልጆቹ እንዴት ናቸው? የት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዳዊት የጠየቀው እሱን ነው።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ማኪርን አስቡ።